ሦስተኛው ረድፍ

ባንክ ቤት ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው ስለ ኦርጋን ልጻፍ ብሎ ሲነሣ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ግጥም መሞከሬን ታውቃላችሁ፤ እርሱንም በትዕግሥት ችላችሁልኛል። ዛሬ ግን ግጥም ይዤ አልመጣሁም፤ የሠራሁትን አንድ በደል ይዤ መጥቻለሁ። በደሉ የተፈጸመው በሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ላይ ነው፤ የተበደሉትም አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱምና በዚሁ ይበቃናል። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ደርሷል፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ኦርጋን መምታት የተማሩት በልጅነታቸው፣ በወለጋ ከነበረ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከአንዲት የውጭ አገር መምህርት ነው። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በሰፈራችን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ምንም ክፍያ በየእሑዱ ሲመቱ ኖረዋል። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሳለሁ ከፊት ወንበር ተቀምጬ የማየው ጀርባቸውን ነበር። ጀርባቸው ዝም ብሎ አያውቅም፤ በጀልባ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ይህ በመንፈስ መነካት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ምክንያቱ እግራቸው ነው። የጋሼ ኦርጋን ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚዘምረው ኪቦርድ አይደለም። ሃርሞኒየም የሚባለው የእንጨት ዕቃ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት አጭር ቁምሣጥን ይመስላል። ከሥሩ ሁለት መርገጫዎች አሉ። አንጥረኛ ፍሙን የሚያናፋበትን ወናፍ አስቡ፤ መቺው ግራና ቀኝ እግሩን እያፈራረቀ በረገጠ ቁጥር በውስጥ ያለው ወናፍ አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ አየሩም በስስ የነሐስ ልሳኖች አጠገብ ሲያልፍ ልሳኖቹ ይርገበገቡና ድምፅ ይሆናል። እግር ካረፈ ድምፁ ይሞታል። እንግዲህ የሃርሞኒየም መቺ በእጁ ይዘምራል፣ በእግሩ ይተነፍሳል ማለት ነው።

ነገሩ ሁሉ የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት ልቆይበት። ያቺ መምህርት አገሯ ስትመለስ ለተማሪዋ አንድ የታተመ የኖታ ወረቀት ትታለት ሄዳለች። ሥራው የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነው። ባኽ በቫይማር ከተማ ሳለ "ትንሿ የኦርጋን መጽሐፍ" ብሎ የሰየማትን ስብስብ ጀምሮ ነበር፤ በየበዓሉ ለሚዘመሩ የሉተራውያን መዝሙሮች 164 አጫጭር መቅድሞችን ሊጽፍ አስቦ የፈጸመው 46 ብቻ ነው። ከእነዚያ መካከል "አንተን እጠራለሁ፣ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ" የሚለው መዝሙር መቅድም አለ፤ በሥራዎቹ ዝርዝር ቁጥሩ 639 ነው። የፊልም ወዳጆች ሩስያዊው አንድሬይ ታርኮቭስኪ በ1972 (እ.ኤ.አ.) በሠራው "ሶላሪስ" ውስጥ ሰምታችሁታል። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ሦስት ድምፆች ብቻ አሉት። ቀኝ እጅ ዜማውን ይይዛል፤ ግራ እጅ ከሥሩ እንደ ምንጭ ውኃ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ሦስተኛውን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ፣ እንደ ልብ ትርታ እየደጋገመ የሚመታው እግር ነው። ትላልቆቹ የቧንቧ ኦርጋኖች ከወንበሩ ሥር በእግር የሚመታ የእንጨት ቁልፍ ስላላቸው የባኽ ሙዚቃ ለሁለት እጅና ለሁለት እግር የተጻፈ ነው።

የጋሼ እግር ግን ሥራ ላይ ነው። አየር ይነፋል።

ስለዚህ ጋሼ ይህን ሥራ ከአምሳ ዓመት በላይ ሲመቱት የኖሩት በሁለት ድምፅ ነው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ሦስት የኖታ ረድፎች አሉት። የላይኛውና የመካከለኛው ረድፍ የጣት ቁጥር በእርሳስ ተጽፎባቸው፣ ተፍቆ እንደገና ተጽፎባቸው፣ ወረቀቱ ሣስቷል። ሦስተኛው ረድፍ ንጹሕ ነው። እርሳስ አልነካውም። መምህርቷ "እግር ያለው ኦርጋን ባገኘህ ቀን ትመታዋለህ" ብላቸው ነበር። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ጋሼ የሚመቱት ኦርጋን አጥተው ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው ይለማመዱ እንደ ነበር አጫውተውኛል፤ እግራቸውም ከጠረጴዛው ሥር ይረግጥ ነበር። ለባዶ አየር መንፋት ይሏል ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ኦርጋን ለአገራችን የትናንት እንግዳ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በ1520 (እ.ኤ.አ.) የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ይዘው ከመጡት ገጸ በረከት መካከል ሰይፍና ጥሩር፣ የዓለም ካርታ፣ እንዲሁም ኦርጋን እንደ ነበረ አብሮ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎ አቆይቶልናል። ይህን ሳነብ የገረመኝ ዕቃው አይደለም። ከመልእክተኞቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ማኑኤል ዴ ማሬስ የሚባል ሰው አለ፤ ሥራውም ኦርጋን መምታት ነው። ዕቃውን ሲልኩ ሰውየውን አብረው ልከዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ባለፈው ዓመት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወደ አዲሱ አዳራሽ ተዛወረች። ሃርሞኒየሙ ከአሮጌ ወንበሮች ጋር ዕቃ ቤት ገባ። ለአዳራሹ ኪቦርድ ተገዛ፤ የሚመታውም ወጣት ጎበዝ ልጅ ነው፤ የቆዩትን መዝሙሮች ግን አያውቃቸውም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው "ጋሼ በሕይወት ሳሉ የቆየውን ይቅረጹልን፤ ለስቅለትም ያቺን የጀርመን ዜማ ያዘጋጁልን" አሉ። ቀረጻው በእኔ ላይ ወደቀ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ይችላል ተብሎ ይታመናልና።

ያለኝ ሀብት የሚከተለው ነበር፤ ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ፣ ሠርግ ከሚቀርጽ ጓደኛዬ የተዋስኋቸው ሁለት ማይክሮፎኖች፣ አንድ ትንሽ የድምፅ ካርድ፣ እና በስድስት ወር ዕቁብ የገዛሁት ባለ 61 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ። መጀመሪያ ሃርሞኒየሙን ራሱን ለመቅረጽ ሞከርን። አይጥ የበላውን የወናፉን ቆዳ አንድ ጫማ ሰፊ ጠገነልን፤ ሰውየው "ምንድን ነው ይሄ?" ሳይል ሠርቶ ሰጠን፤ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። ቀን መኪናው፣ ጡሩምባው፣ የመንገድ ሥራው አላስቀርጽ ስላለን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እየገባን እስከ ስድስት ሰዓት እንቆይ ነበር፤ ውሻ ሲጮኽ እናቆማለን፤ መብራት ሲጠፋ እንጸልያለን።

የቀረጽነውን ቤቴ ወስጄ በኦዳሲቲ ከፈትሁት። ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ከሙዚቃው በላይ የሚሰማው የመርገጫው ድምፅ ነበር፤ እንጨቱ ይንቋቋል፣ ቆዳው ያቃስታል፣ ወናፉ እንደ አስም በሽተኛ ይተነፍሳል። ፕሮግራሙ ሁካታ የሚቀንስበት ስልት አለው፤ ዝም ያለውን ቦታ መርጣችሁ "ሁካታው ይህ ነው" ብላችሁ ታሳዩታላችሁ፤ እርሱም ያንን ከቀረጻው ሁሉ ይቀንሳል። ቀነስሁት። እስትንፋሱ ሲወጣ ዜማው ውኃ ውስጥ እንደ ሰመጠ ሆነ። ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ መነኵሲት በፒያኗቸው ይታወቁ እንጂ በሃርሞኒየምና በቧንቧ ኦርጋን የተቀረጹ ሥራዎችም አሏቸው፤ የቀረጻቸው ያልጠራ መሆን እኔን አስከፍቶኝ አያውቅም። እንዲያውም ሰውየዋ ክፍሉ ውስጥ መኖራቸውን የሚነግረኝ እርሱ ነው። መዝሙሮቹን እንግዲህ ከነማቃሰታቸው ተውኋቸው። እዚህ ድረስ ጥሩ ሰው ነበርሁ።

የባኽን ሥራ ግን በሌላ መንገድ እንሥራው ያልሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ግራንድኦርግ ስለሚባለው ነገር አያውቁም ነበር፤ አስረዳኋቸው። አንድ እውነተኛ የቧንቧ ኦርጋን ካለበት ቤተ ክርስቲያን ባለሙያዎች ይሄዱና እያንዳንዱን ቧንቧ ለብቻው፣ አንድ በአንድ ይቀርጻሉ፤ ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ በሕንፃው ውስጥ ሲንከባለል የሚቀረውን ማሚቶ ሳይቀር። የዚያ ሁሉ ቅጂ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። እናንተ ኪቦርዱን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ የዚያን ቧንቧ ድምፅ ያወጣል። ለዚህ የሚሸጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሃውፕትቬርክ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ የታወቀ ነው፤ ግራንድኦርግ ግን በነፃ የሚገኝ ነውና የእኔ ብጤ ይገለገልበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀረጻው በየተራ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ እጅን፣ ነገ እግርን።

"እግርን?" አሉ ጋሼ።

"አዎ፣ ሦስተኛውን ረድፍ።"

ዝም አሉ። ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መካከል አወጡና መነጽራቸውን አጠለቁ። ለረጅም ጊዜ ያዩት የታችኛውን ረድፍ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት ኪቦርዱን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ሁለቱን እጆች ቀረጽን። በጆሯቸው ማዳመጫ የጊዜ መቁጠሪያውን ጠቅታ ከፈትሁላቸው፤ ኮምፒውተሩ ኖታዎቹን በመስመሮቹ ላይ እንዲያስቀምጥ ያስፈልገዋልና። "ይህ ሙዚቃ ነው ወይስ የግድግዳ ሰዓት?" ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ታገሡኝ። ወደ ታች ስመለከት እግራቸው ይረግጣል። ወናፍ የለም፣ መርገጫ የለም፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ የፕላስቲክ ምንጣፉን ይረግጣሉ። ሳቄን ዋጥሁት። እግራቸውን ካቆሙ እጃቸውም እንደሚቆም ገባኝ።

በሁለተኛው ምሽት ነገሩ ከበደ። የእግር ኪቦርድ የለንም፤ ዋጋው የእኔን የዓመት ደመወዝ ይጠይቃል። "በግራ እጅዎ ይምቱት፤ የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው" አልኋቸው።

"ለእግር የተጻፈ በእግር ነው የሚመታው" አሉና ጫማቸውን አወለቁ።

ኪቦርዱን ወለል ላይ አስቀመጥነው። ጋሼ በካልሲ፣ በወንበር ጫፍ ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ይዘው፣ ለጣት በተሠሩ ጠባብ ቁልፎች ላይ የሰባ አራት ዓመት እግራቸውን አሳረፉ። መጀመሪያ የመታነው ምንም አልተሰማም። "የት አለ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። የመረጥሁላቸው ድምፅ ኦርጋን ሠሪዎች ባለ 16 ጫማ የሚሉት ነው፤ የረጅሙ ቧንቧ ቁመት አምስት ሜትር ያህል ይሆናል፤ ድምፁም እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ አያወጣውም። (በቋንቋችን መለኪያውም ጫማ፣ የሚጠለቀውም ጫማ መሆኑ ምን ያህል ደስ እንዳሰኘኝ! ለአሥራ ስድስት ጫማ ድምፅ ሁለት ጫማ ይወልቃል። ገጣሚነቴን አንዳንድ ጊዜ መደበቅ ያቅተኛል።) ከዚያው ከሠርግ ቀራጩ ወዳጄ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተዋስን።

ሲሰማ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ እግራቸውን አነሡ፤ የሰበሩት ነገር ያለ መስሏቸው። ከዚያ መለሱት። ከብዙ ሙከራ በኋላ፣ እጃቸው ከትናንት ወዲያ የመታውን እየሰሙ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ደረሱ። ሦስቱ ድምፆች ተገናኙ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ካልሲያቸውን አስተካክለው ጫማቸውን አጠለቁና እርሳስ ጠየቁኝ። በሦስተኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጻፉ፤ የትኛው ኖታ በየትኛው እግር እንደሚመታ።

በዚያች ሌሊት ቤቴ ገብቼ አንድ ቤት ግጥም ጻፍሁ፤ ከዚህ በላይ አልሄደልኝም።

እግርህ አየር ሲነፋ ፥ እጅህ ሲያስለቅሰው፣
ሦስተኛውን ድምፅ ማን ነው ፥ ካለበት የመለሰው?

የመለሰው እኔ ነኝ ብዬ ኮርቼ ነበር፤ በደሉ የመጣው ከኩራቱ ነው።

በእኔ ሙያ ልዩነት ከእኛ ጋር አያድርም። ማታ ሳጥን ሲዘጋ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብና መዝገቡ ካልተስማሙ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አንድ ጊዜ አሥር ብር ከሃምሳ ሳንቲም ስንፈልግ ሁለት ሰዓት ተኩል መሽቶብናል፤ ከኪሳችን ሞልተን እንዳንሄድ እንኳ አይፈቀድም። እንዲህ እየኖረ ዐሥር ዓመት ያለፈው ሰው የጋሼን ቀረጻ በኮምፒውተር ሲመለከት ምን እንደሚያይ ገምቱ። በስክሪኑ ላይ ጊዜ በቀጥ ያሉ መስመሮች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ኖታ እንደ ትንሽ ጡብ ተቀምጧል። የጋሼ ጡቦች መስመሩ ላይ አልነበሩም። አንዱ መቶ ሚሊ ሰከንድ ዘግይቷል፣ ሌላው መቶ ሃምሳ፤ እግራቸው ደግሞ ከእጃቸው ይዘገያል። ሁሉም ጎዶሎ፣ ሁሉም ልዩነት! ኳንታይዝ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ጡቦቹን ሁሉ መርጣችሁ ስታዙት እያንዳንዱን ወደሚቀርበው መስመር ይስበዋል። አንድ ጊዜ ተጫንሁት። ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ቀጥ አሉ። አውራ ጣታቸው ሁለት ቁልፍ የነካበትንም አንድ ቦታ አጠፋሁት። የቀን ሒሳብ እንደ ተዘጋ ሆኖ ተሰማኝና ተኛሁ።

ፍላሹን ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ። ለጋሼ አላሰማኋቸውም። ጊዜ አጥሮኝ ነበር እላለሁ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ በድንገት እንዲሰሙት ፈለግሁ።

ስቅለት በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 10 ቀን ዋለ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከስብከቱ በኋላ መብራቱ ደብዘዝ ተደረገና ሙዚቃው ተከፈተ። ድምፁ ግሩም ነበር፤ ንጹሕ፣ ሙሉ፣ የአውሮፓ ካቴድራል ከነማሚቶው አዳራሻችን የገባ ይመስል ነበር። አለቀሱ ሰዎቹ። እኔ ግን ጋሼን እመለከት ነበር። በሦስተኛው ረድፍ ወንበር ላይ (ሆን ብዬ አይደለም፤ የተቀመጡት እዚያ ነው) ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ እግራቸው ይረግጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቆመ።

ሲወጡ ሰው ሁሉ ከበባቸው። "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅዎ ገና ወጣት ነው!" ይሏቸዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ መቺ ባይኖርም አንቸገርም" አሉኝ። ምስጋና መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ማኑኤል ዴ ማሬስ ትዝ አለኝ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከኦርጋኑ ጋር ባሕር ተሻግሮ የተላከው ሰው።

ጋሼ አጠገቤ ሲደርሱ እጄን ጨበጡኝ።

"ያ የመታው ልጅ ማን ነው?" አሉኝ። "ጎበዝ ነው። ሰዓት አያስትም።"

ቀልድ አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም። ጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ወደ ቤታቸው መሄድ አፍሬ ከረምሁ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ባንክ ቤት ያስተማረኝ አንድ ደግ ልማድ አለ፤ ዋናው ሰነድ አይጠፋም። ሳልነካው በፊት ያለውን ቅጂ አስቀምጬው ነበር። ከፈትሁትና በዚህ ጊዜ ላስተካክለው ሳይሆን ላነበው ተቀመጥሁ። መዘግየቶቹን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ መዘገብኋቸው።

የሒሳብ ሰው ያውቀዋል፤ ልዩነት ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ልዩነት የእጅ ስህተት ነው። በየጊዜው፣ በተመሳሳይ ቦታ የሚመጣ ልዩነት ግን ስህተት አይደለም፤ ከጀርባው ሰው አለ። በባንክ ቤት ይህ ክፉ ዜና ነው፤ ኦዲተር ያስጠራል። በዚያ ወረቀት ላይ ግን ያየሁት ሌላ ነበር። ጋሼ የሚዘገዩት ዜማው አንድ ሐረግ ፈጽሞ ሌላውን ሊጀምር ሲል ነው፤ ሁልጊዜ እዚያ፣ ሌላ ቦታ አይደለም። ሐረጉ ረጅም ሲሆን የሚቀድመው ዝግታም ይረዝማል። ከዚያ በጥቂት ኖታዎች ቀስ ብለው ወደ ሰዓቱ ይመለሳሉ። ሃርሞኒየም ላይ ሰው ይህን ሳያደርግ አይኖርም። ረጅም ሐረግ ከመጀመሩ በፊት ወናፉ መሙላት አለበት፤ አየር ካልበቃ ድምፁ መንገድ ላይ ይሞታል። ኮምፒውተሩ አየር አይፈልግም፤ የጋሼ አካል ግን ይህን አልሰማም። ለአምሳ ዓመት እንደለመደው አየሩን ጠብቋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ያኔ ባውቀው ኖሮ ምናልባት እጄን በሰበሰብሁ ነበር። ፒያኖ ላይ ጣት ሲጠነክር ድምፁ ይጠነክራል፤ ሲለሰልስ ይለሰልሳል። የቧንቧ ኦርጋን እንዲህ አይደለም። ቁልፉን በቡጢ ብትመቱት፣ በላባ ብትነኩት ከቧንቧው የሚወጣው ድምፅ መጠኑ አንድ ነው። ሕፃንም አዋቂም እኩል ያሰሙታል። ለመቺው የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚጫንና መቼ እንደሚለቅ። ሐዘኑም፣ ጥርጣሬውም፣ ልመናውም ያለው እዚያች ቅንጣት ጊዜ ውስጥ ነው። እኔም እርሷን ነው በአንድ ትእዛዝ የወሰድሁባቸው። ድምፁን ትቼላቸው ሰውየውን አውጥቻቸዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔንና ያንን ትልቅ የድምፅ ማጉያ ይዤ ሄድሁ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ መስመሮቹን አሳየኋቸው፣ ጡቦቹን አሳየኋቸው፣ የመዘገብሁበትን ወረቀትም ሰጠኋቸው። የሒሳብ አስተማሪ ናቸውና ወረቀቱን በጥሞና አነበቡት፤ አንድ ቦታ መደመሬን አርመው መለሱልኝ።

"መምህርቴ 'አንተ ከዘማሪው በፊት አትጀምር' ትለኝ ነበር" አሉ። "ሰው ሊዘምር ሲል መጀመሪያ አየር ይስባል። አየር ሲስቡ ይሰማኝ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼያቸውም ይሰማኛል። እኔም አብሬያቸው እስባለሁ። ይኸው ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።"

"እስቲ ክፈተው።"

ያልተነካውን ከፈትሁላቸው። ማጉያው የብርጭቆ መደርደሪያውን አንቀጠቀጠው፤ ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስኒያቸውን እንደ ያዙ፣ እግራቸው የሳሎኑን ምንጣፍ ይረግጣል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። በዚህ ጊዜ አላቆሙም። ዜማው አንድ ሐረግ ጨርሶ ሌላውን ሊጀምር ሲል እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ሳብሁ።

ከመካከል ሲደርስ በድንገት እጃቸውን አነሡ። አቆምሁት።

"ወደ ኋላ መልሰው… እዚህ ላይ።"

መለስሁት። ከሥር፣ ከባለ 16 ጫማው ድምፅ ጋር፣ አንድ የማይገባ ኖታ አብሮ ጮኸ።

"ይቺን አጥፋልኝ" አሉ። "ይቺ አየር አይደለችም፤ አውራ ጣቴ ናት።"